ድረ ገጽዎ ከጎግል ፍለጋ በድንገት ሲጠፋ ምክንያቱን እንዴት ያገኙታል?

ይህ ጽሑፍ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያንን፣ የአንድ አገልግሎትን፣ የመዘምራን ቡድንን ወይም የግል ሥራቸውን ድረ ገጽ ለሚንከባከቡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ትናንት ሰዎች በጎግል ፈልገው ያገኙት የነበረ ገጽ ዛሬ ከውጤቱ ዝርዝር ቢጠፋ ምን ያደርጋሉ? ነገሩ የቁጥር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቤይሩት ወይም ሪያድ ሆና በዕረፍት ሰዓቷ በስልኳ የአማርኛ ትምህርት የምትፈልግ እህት አለች። ወደ አዲስ ከተማ ተዛውሮ በአማርኛ የሚያመልክ ጉባኤ የሚያፈላልግ ቤተሰብም አለ። እነዚህ ሰዎች የድረ ገጽዎን አድራሻ በቃላቸው አያውቁም፤ የሚያውቁት መፈለግን ብቻ ነው። ስለዚህ ገጹ ከፍለጋ ሲጠፋ ለእነርሱ ጭራሹን እንደሌለ ይቆጠራል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ አጭር ነው፦ ከመጠገን በፊት መመርመር ይቀድማል። ብዙዎች ሲደነግጡ በአንድ ቀን ዲዛይኑን ይለውጣሉ፤ ርዕሶችን ይቀይራሉ፤ ገጾችን ይሰርዛሉ፤ ወይም «ወደ አንደኛ ደረጃ እንመልሳችኋለን» ለሚል ሰው ገንዘብ ይከፍላሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጀመሪያው ችግር ምን እንደ ነበረ ለመለየት ያስቸግራል። እንግዲህ በቅደም ተከተል እንመልከት።

1. ፍለጋ እንዴት ይሠራል?

ጎግል አንድን ገጽ ለሰው ከማሳየቱ በፊት ሦስት ነገሮች ይከናወናሉ። አንደኛ፥ ጎግልቦት የሚባለው ፕሮግራም ገጹን ይጎበኛል። ሁለተኛ፥ የጎበኘውን አንብቦ በመዝገቡ ውስጥ ያስገባል። ሦስተኛ፥ ሰው ሲፈልግ ከመዝገቡ ለጥያቄው የሚስማሙትን መርጦ በደረጃ ያቀርባል።

ማንኛውም መውደቅ የሚደርሰው ከእነዚህ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ነው፦ ወይ ጎብኚው መግባት አልቻለም፤ ወይ ገጹ ከመዝገብ ወጥቷል፤ ወይ ተመዝግቦ ሳለ ደረጃው ዝቅ ብሏል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙውን ጊዜ በራሳችን ቤት የተፈጠሩ ስለ ሆኑ በራሳችን እጅ ይስተካከላሉ። ሦስተኛው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

2. በእርግጥ ወድቋልን?

ከሁሉ አስቀድመው ይህን ያረጋግጡ። አንዳንድ ጊዜ የጠፋው ጎብኚው ሳይሆን ቆጣሪው ነው። የድረ ገጹ ገጽታ ሲቀየር የጎብኚ መቁጠሪያው ኮድ አብሮ ይወገዳል፤ ሰዎች እየመጡ ሳሉም ቁጥሩ ዜሮ ያሳያል። የቀድሞው ጎግል አናሊቲክስም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2023 ጀምሮ መቁጠር አቁሟል፤ ወደ አዲሱ ያልተዛወረ ድረ ገጽ ከዚያ በኋላ ያለውን ቁጥር አያገኝም።

በራስዎ ስልክ ፈልገው የሚያዩትንም ብቻ አይመኑ። ውጤቱ በሚኖሩበት አገርና ቀድሞ በከፈቷቸው ገጾች ምክንያት ከሌላው ሰው ውጤት ሊለይ ይችላል። ይልቅስ በጎግል መጻፊያ ላይ «ሳይት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ፤ የላቲኑን ሁለት ነጥብ ያስከትሉ፤ ክፍተት ሳይተዉ የድረ ገጽዎን አድራሻ ይቀጥሉ። በመዝገብ ያሉ ገጾችዎ ይዘረዘራሉ። ምንም ካልመጣ ችግሩ ከጉብኝት ወይም ከመዝገብ ላይ ሊሆን ይችላል። ገጾቹ ከመጡ ግን ወደ ደረጃ ጉዳይ ያመዝናል። በተመሳሳይ መንገድ በቢንግም ይፈልጉ። ከሁለቱም ከጠፋ ምክንያቱ በቤትዎ ውስጥ የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው፤ ከጎግል ብቻ ከጠፋ ደግሞ ጉዳዩ ከጎግል ጋር የተያያዘ ሳይሆን አይቀርም።

ወቅትንም ያስቡ። የትንሣኤ መዝሙር ያለበት ገጽ ከፋሲካ በኋላ ጎብኚው መቀነሱ የተለመደ ነው። ፋሲካ ደግሞ ቀኑ ይለዋወጣል፦ እ.ኤ.አ. በ2024 ሚያዝያ 27 ቀን (በፈረንጆች ሜይ 5) ነበረ፤ በ2025 ደግሞ ሚያዝያ 12 ቀን (ኤፕሪል 20) ዋለ። ስለዚህ የዘንድሮውን ሳምንት ከአምናው ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል።

3. ሰርች ኮንሶል የሚባለው መሣሪያ

ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በነፃ የሚሰጠው ሰርች ኮንሶል የተባለ መሣሪያ አለ። እ.ኤ.አ. እስከ ግንቦት 2015 ዌብማስተር ቱልስ ይባል ነበር። ገጾችዎ ስንት ጊዜ በውጤት ላይ እንደ ታዩ፣ ስንት ጊዜ እንደ ተከፈቱ፣ በስንተኛ ደረጃ ላይ እንደ ነበሩና ሰዎች በምን ቃል እንደ ፈለጓቸው ያሳያል። የ16 ወራት መረጃም ያስቀምጣል። እስከ አሁን ካልተመዘገቡ ዛሬውኑ ይመዝገቡ፤ ሕመም ሳይመጣ የጤንነትን መዝገብ መያዝ ይጠቅማልና።

በዚህ መሣሪያ ውስጥ የመስመሩን ቅርጽ ያንብቡ፦

- መላው ድረ ገጽ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ወደ ዜሮ ከወረደ፥ በሩ ተዘግቷል፤ ወይም ቅጣት ደርሷል።
- አንድ ክፍል ብቻ ከወደቀ (ለምሳሌ የስብከቶቹ ገጾች)፥ የዚያ ክፍል አድራሻ ወይም ቅንብር ተለውጧል።
- በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ከወረደ፥ የደረጃ አሰጣጥ ለውጥ ወይም የተሻሉ ሌሎች ገጾች መምጣት ሊሆን ይችላል።
- ደረጃው እንዳለ ሆኖ የሚከፍቱት ሰዎች ብቻ ከቀነሱ፥ የውጤቱ ገጽ አቀራረብ ተለውጧል። ጎግል እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2024 ጀምሮ በአሜሪካ፥ ቀጥሎም በሌሎች አገሮች፥ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ መልስ ከውጤቶቹ በላይ ማሳየት ጀምሯል። መልሱን እዚያው ያነበበ ሰው ወደ ገጹ ላይገባ ይችላል።
- የታዩበት ብዛት ብቻ ቀንሶ የሚከፍቱት ሰዎች ካልቀነሱ፥ አይደንግጡ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ጎግል በአንድ ጊዜ 100 ውጤት ማሳየትን ሲያቆም በብዙ ድረ ገጾች ላይ እንዲህ ሆኗል፤ አንድም እውነተኛ አንባቢ ሳይጠፋ ቁጥሩ ወርዷል።

መውደቁ የጀመረበትን ቀን በወረቀት ይጻፉ። ቀጥሎም በድረ ገጹ ላይ የሠሩትን ሁሉ ይጠይቁ፦ «በዚያ ሳምንት ምን ነካችሁ?» ከብዙ መሣሪያ ይልቅ ይህ ጥያቄ ፈጥኖ መልስ ይሰጣል።

4. በሩ ተዘግቶ ይሆን?

ሀ. የዶሜይን ስም። የድረ ገጽ ስም በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ አለው። በብዙ ቦታ ስሙን ያስመዘገበው አንድ ወንድም በራሱ ኢሜይል ነው፤ እርሱ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ የማሳሰቢያው ደብዳቤ ማንም ወደማይከፍተው ሳጥን ይገባል። «ዶት ኮም» በሆኑ ስሞች ላይ ጊዜው ካለፈ በኋላ እንደ አስመዝጋቢው ድርጅት እስከ 45 ቀን ድረስ በተለመደው ክፍያ ማደስ ሊቻል ይችላል። ከተሰረዘ በኋላም ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቅበት የ30 ቀን ማስመለሻ አለ። ከዚያ በኋላ 5 ቀን ቆይቶ ስሙ ለማንኛውም ገዢ ክፍት ይሆናል። የቆየ ስም የሚገዙ ሰዎች ደግሞ ይህን ይጠብቃሉ፤ ትናንት ትምህርት የነበረበት አድራሻ ነገ የቁማር ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። ጎግል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 እንዲህ ያለውን የአሮጌ ስም አጠቃቀም በግልጽ ከልክሏል፤ ነገር ግን ክልከላው ስሙን ለቀድሞው ባለቤት አይመልስም።

ለ. ሰርቨሩ። ገጹ ለጥቂት ሰዓታት ቢቋረጥ ብዙ ጉዳት የለውም። ለቀናት «500» ወይም «503» የሚል ስህተት ቢመልስ ግን ጎግልቦት ጉብኝቱን ይቀንሳል፤ ቆይቶም ገጾቹን ከመዝገብ ያወጣል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ገጹ ለሰው ይከፈታል፥ ለጎግልቦት ግን አይከፈትም፤ የሆስቲንጉ ጥበቃ ጎብኚውን እንደ አጥቂ ቆጥሮ ስለሚያግደው ነው። ይህን ለማወቅ በሰርች ኮንሶል ውስጥ «ዩአርኤል ኢንስፔክሽን» በሚለው ቦታ የገጹን አድራሻ አስገብተው በቀጥታ እንዲፈተሽ ያዝዙ፤ ጎግል ያየውን እርስዎም ያያሉ።

ሐ. «ሮቦትስ» የሚባለው ፋይል። በድረ ገጹ ሥር የሚቀመጥ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ሲሆን፥ ለጎብኚ ፕሮግራሞች የት መግባት እንደሚችሉ ይነግራል። «ዲስአላው» ከሚለው ትእዛዝ በኋላ አንድ እዝባር ብቻ ከተጻፈ መላው ድረ ገጽ ተከልክሏል ማለት ነው። አዲስ ድረ ገጽ በሚሠራበት ጊዜ ባለሙያው ይህን ያደርጋል፤ ሥራው ሲያልቅ ማንሳቱን ሊረሳው ይችላል።

መ. «ኖኢንዴክስ» የሚለው ምልክት። በወርድፕሬስ ለሚጠቀሙ፥ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሪዲንግ» በሚለው ገጽ ላይ የፍለጋ መሣሪያዎች ድረ ገጹን እንዳይመዘግቡ የምትጠይቅ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። እርሷ ላይ ምልክት ካለ ገጾቹ አንድ በአንድ ከመዝገብ ይወጣሉ። ምልክቱን አንስተው በ«ዩአርኤል ኢንስፔክሽን» በኩል ዋና ዋና ገጾች እንደገና እንዲመዘገቡ ይጠይቁ። እግረ መንገድዎን «ሪሙቫልስ» የሚለውንም ይመልከቱ። ምናልባት አንድ ሰው ገጾቹ እንዲደበቁ ጠይቆ ይሆናል፤ ይህ ጥያቄ ለስድስት ወር ያህል ይቆያል።

5. ቤት ለውጣችሁ አድራሻ አልተዋችሁ ይሆን?

ድረ ገጹ በአዲስ መልክ ከተሠራ በኋላ የሚመጣ መውደቅ አብዛኛውን ጊዜ ከአድራሻ ለውጥ ጋር የተያያዘ ነው። የቀድሞው ገጽ ሲጠየቅ «404» ይላል፤ አዲሱ ገጽ ደግሞ ለጎግል እንግዳ ነው። መፍትሔው እያንዳንዱን አሮጌ አድራሻ በ«301» ሪዳይሬክት ወደ ተተኪው ገጽ መምራት ነው። ሁሉንም ወደ መነሻ ገጽ መላክ ግን አይጠቅምም። ጎግል ይህ መሪ ምልክት ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲቆይ ይመክራል።

በአማርኛ ድረ ገጾች ላይ ደግሞ የተለየ ነገር አለ። በአድራሻ ውስጥ አንድ የአማርኛ ፊደል በኮድ ሲጻፍ 9 የላቲን ምልክት ይሆናል። ወርድፕሬስ ለርዕሱ አድራሻ የሚፈቅደው 200 ምልክት ስለ ሆነ ከ22 ያህል ፊደል በኋላ ያለው ይቆረጣል። ድረ ገጹ ወደ ሌላ ሥርዓት ሲዛወር አዲሱ ሥርዓት አድራሻውን በሌላ መንገድ ይቆርጠዋል፤ ወይም በላቲን ይተካዋል። በዚህ ጊዜ በመቶ የሚቆጠሩ ጽሑፎች ማንም ሳያስብ አድራሻቸው ይለወጣል። ስለዚህ ከመዛወርዎ በፊት የአሮጌ አድራሻዎችን ሙሉ ዝርዝር ያስቀምጡ፤ ለመነሻ ያህል ከሰርች ኮንሶል ማውረድ ይችላሉ።

በስልክ የሚታየውንም ይመርምሩ። ጎግል አሁን ገጾችን የሚመዘግበው በስልክ ላይ እንደሚታዩት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 5 ቀን 2024 ወዲህ በስልክ ጨርሶ የማይከፈት ድረ ገጽ አይመዘገብም። አዲሱ ዲዛይን ጽሑፉን በስልክ ላይ ከደበቀው ወይም ርዕሶችን ወደ ሥዕል ከለወጣቸው ጎግል የሚያነበው ነገር ቀንሷል ማለት ነው።

6. ሌባ ገብቶ ይሆን?

ድረ ገጽ ሰብሮ የሚገባ ሰው ሁልጊዜ አያፈርስም፤ ብዙ ጊዜ ተደብቆ ይኖራል። በሺህ የሚቆጠሩ የሐሰት ሸቀጥ፣ የመድኃኒት ወይም የቁማር ገጾችን በእርስዎ ስም ሥር ይፈጥራል። አንዱ የታወቀ ዓይነት ገጾቹን በጃፓንኛ ጽሑፍ የሚሞላ ነው። እነዚህ ገጾች ለጎግልቦት ብቻ ሊታዩ ስለሚችሉ እርስዎ ድረ ገጹን ሲከፍቱ ሁሉ ነገር ደኅና ይመስላል። ከላይ በተገለጸው «ሳይት» በሚለው ፍለጋ ግን የማያውቋቸው ርዕሶች ብቅ ይላሉ።

እንዲህ ከሆነ በሰርች ኮንሶል «ሴኪዩሪቲ ኢሹስ» የሚለውን ያንብቡ። የባለቤቶችን ዝርዝርም ይመልከቱ፤ ሰርጎ ገቡ ራሱን እንደ ባለቤት አስመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። የማያውቁትን ሰው ከነማረጋገጫ ፋይሉ ያስወግዱ። ከዚያ ንጹሕ ከሆነው ቅጂ ድረ ገጹን ይመልሱ፤ ወርድፕሬሱንና ፕለጊኖቹን ያድሱ፤ የይለፍ ቃሎችን ሁሉ ይለውጡ፤ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብዎ ከነበረ በመጨረሻ ምርመራ ይጠይቁ። የሰበረበትን ቀዳዳ ሳይደፍኑ ገጾቹን ብቻ ቢሰርዙ ተመልሶ ይመጣል።

7. ቅጣት ደርሶ ይሆን?

በሰርች ኮንሶል «ማኑዋል አክሽንስ» በሚለው ገጽ ላይ መልእክት ካለ፥ የጎግል ሠራተኛ ድረ ገጹን አይቶ ደንብ መጣሱን ወስኗል ማለት ነው። ይህ በትልልቆችም ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2006 የቢ.ኤም.ደብሊው የጀርመን ድረ ገጽ ለፍለጋ መሣሪያ ብቻ የተዘጋጁ በቃላት የታጨቁ ገጾች ስለ ተገኙበት ከጎግል ወጥቷል፤ ገጾቹ ከተወገዱ በኋላ ነው የተመለሰው። በየካቲት 2011 ደግሞ ጄ.ሲ. ፔኒ የተባለው የአሜሪካ የመደብር ድርጅት በገንዘብ የተገዙ በርካታ ሊንኮች እንዳሉት ኒው ዮርክ ታይምስ ሲያጋልጥ ጎግል እርምጃ ወሰደ፤ ድርጅቱ በአንድ የሻንጣ ፍለጋ ላይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ1ኛ ወደ 71ኛ ደረጃ ወረደ።

ስለዚህ ማንም ለእርስዎ ብሎ ሊንክ እንደ ገዛ፣ ወይም ከሌሎች ድረ ገጾች ጋር በጅምላ እንደ ተለዋወጠ ይጠይቁ። ጥፋቱን አስወግደው፥ ያደረጉትን በግልጽ ጽፈው እንደገና እንዲታይልዎ ያመልክቱ። መልሱ ከቀናት እስከ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። በዚያ ገጽ ላይ ምንም መልእክት ከሌለ ግን የሠራተኛ ቅጣት የለም፤ «ተቀጥተናል» እያሉ መጨነቅ አያስፈልግም።

8. ጎግል ራሱ ተለውጦ ይሆን?

ከላይ ያሉት ሁሉ ንጹሕ ከሆኑ ብቻ ወደዚህ ይምጡ። ጎግል የደረጃ አሰጣጡን በየጊዜው ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2003 «ፍሎሪዳ»፣ በየካቲት 2011 «ፓንዳ»፣ በሚያዝያ 2012 «ፔንግዊን» የተባሉት ለውጦች ብዙ ድረ ገጾችን አናግተዋል። በመጋቢት 2024 የተጀመረው ለውጥ ደግሞ 45 ቀን ፈጅቷል። የእነዚህ ለውጦች መጀመሪያና መጨረሻ ጎግል በሚያሳውቅበት የሁኔታ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። የጻፉትን ቀን ከዚያ ጋር ያነጻጽሩ። ከገጠመ፥ ለውጡ ካለቀ አንድ ሳምንት ቆይተው ከመጀመሩ በፊት ከነበረው ሳምንት ጋር ያስተያዩ።

እንዲህ ባለው መውደቅ ላይ የሚፈታ አንድ ብሎን የለም። መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ የወደቁት ገጾች ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ይሰጣሉን? ከሌላ ድረ ገጽ የተቀዳ ጽሑፍ፣ ሁለት መስመር ብቻ ያለው ገጽ፣ በማሽን ተተርጉሞ ማንም ያላረመው ትምህርት ቢወርድ አያስደንቅም። የራስዎ ጉባኤ ሰዓትና ቦታ፣ ስብከቱ ከነሙሉ ጽሑፉ፣ የጸሐፊው ማንነት ያለበት ገጽ ግን የተሻለ መሠረት አለው። ሰዎች የሚጽፉበትንም አጻጻፍ ያስተውሉ፦ አንዱ «ጸሎት» ብሎ ሌላው «ፀሎት» ብሎ ይፈልጋል። የትኛው እንደሚበዛ ሰርች ኮንሶል ያሳይዎታል።

9. ማድረግ የሌለብዎት

- በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር አይለውጡ። አንዱን አስተካክለው፥ ቀኑን ጽፈው፥ ውጤቱን ይጠብቁ።
- አንደኛ ደረጃን እናረጋግጣለን ለሚሉ አይክፈሉ። ጎግል ለማስታወቂያ እንጂ ለተራው የፍለጋ ደረጃ ክፍያ አይቀበልም፤ ማንም ሰው ይህን ቦታ ቃል ሊገባ አይችልም።
- ገጾችን በድንጋጤ አይሰርዙ። ምክንያቱ የተዘጋ በር ከነበረ፥ ሲከፈት የሚመለሰውን ራስዎ አጥፍተውታል።

10. ቁልፉ በማን እጅ ነው?

በመጨረሻም፥ ከዚህ ሁሉ ቴክኒክ በላይ ብዙ ድረ ገጾችን የሚጎዳው ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ መሆኑ ነው። የዶሜይኑ፣ የሆስቲንጉ፣ የወርድፕሬሱና የሰርች ኮንሶሉ መግቢያ በጉባኤው ወይም በድርጅቱ ስም ይሁን፤ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይያዙት። የዶሜይኑ ማደሻ ቀን በቢሮው የቀን መቁጠሪያ ላይ ይጻፍ። በየወሩ ቅጂ ይወሰድ። በድረ ገጹ ላይ የተደረገ ለውጥ ሁሉ በአንድ ደብተር ከነቀኑ ይመዝገብ።

ይህ ደብተር በሚቀጥለው ጊዜ መስመሩ ሲወርድ «በዚያ ሳምንት ምን ነካችሁ?» ለሚለው ጥያቄ በአምስት ደቂቃ ይመልስልዎታል። ያ ፈጥኖ የተገኘ መልስ፥ ዛሬ ማታ በስልኳ ለምትፈልገው እህት ገጹ ነገ መገኘቱን ወይም ከወር በኋላ መገኘቱን የሚወስን ነው።